ተጣጣፊ ባንኮ ላይ ሰፊ ሥራ ለመያዝ፦ ችካል፣ ክንድ፣ ሽብልቅ ወይስ ብየዳ?

ተጣጣፊ ባንኮ (እግሩ የሚታጠፍ፣ ላዩ ዕቃ የሚነክስ ሁለት መንጋጋ የሆነ የአናጺ ጠረጴዛ) ገዝቶ የመጀመሪያውን የመስኮት ክፈፍ ሊይዝበት የሞከረ ሰው ችግሩን ወዲያው ያገኘዋል። መንጋጋው ተከፍቶ ተከፍቶ 10 ሳ.ሜ. አካባቢ ላይ ይቆማል፤ ክፈፉ ግን 60 ነው። ደሴ ላይ ከፒያሳ ወደ ዳገቱ ሰፈሮች እየወጣ በርና መስኮት የሚገጥም አናጺ ከባድ ባንኮ ተሸክሞ መዞር አይችልም። ሐይቅ ከተማም ሆነ ወልድያ ያለው ቢሆን ባጃጅ ላይ የሚጫነውን ዕቃ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ያለውን ቀላል ባንኮ ማስፋት ግድ ይሆናል። ማስፊያው ደግሞ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም።

ማንኛውንም ከመምረጣችሁ በፊት ይህን ያዙ፦ መዘውሩ (እየዞረ መንጋጋውን የሚያጠብቀው እጀታ) የሚሰጠው የመጨረሻዋን ጥብቂያ ብቻ ነው። ማስፋት የሚያስፈልገው በሁለቱ ማቆሚያዎች መካከል ያለውን ርቀት ነው እንጂ የመዘውሩን ዘንግ አይደለም። ይህን ሳይገነዘቡ ረዘም ያለ ዘንግ ፍለጋ የብረታ ብረት ሱቅ ለሱቅ የሚዞሩ ብዙ ናቸው። ዘንጉ ቢገኝም እንኳ መንጋጋው የሚንሸራተትበት የብረት ሐዲድ አብሮ አይረዝምም።

ያላችሁን ለኩ

ባንኮውን ገልብጡና ከሥር እዩት። አራት ነገር መለካት አለበት፦ መንጋጋው እስከ መጨረሻ ሲከፈት ስንት እንደሆነ፣ ላዩ ላይ ያሉት የችካል (የዕቃ ማቆሚያ አጭር ዘንግ) ቀዳዳዎች የአፍ ስፋት (አብዛኛውን ጊዜ ወደ 20 ሚ.ሜ. ነው፤ ግን በዓይን አትመኑ)፣ የኋላው መንጋጋ ከብረቱ ጋር በስንት ብሎን እንደታሰረ፣ ከዚያ ብሎን ኋላ ደግሞ ስንት ሳንቲ ሜትር ባዶ ብረት እንደተረፈ።

አንዳንድ ባንኮ የኋላውን መንጋጋ ወደ ኋላ ወስዶ የሚያስርበት ሁለተኛ ቀዳዳ ከፋብሪካው ተበስቶለት ይመጣል። መመሪያ ወረቀቱ ከካርቶኑ ጋር ስለሚጣል ባለቤቱ ዓመት ሙሉ ሳያውቀው ይሠራበታል። ይህ ቀዳዳ ካለ የጽሑፉን ግማሽ ማንበብ ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ባንኮው ሁለት መዘውር ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። ዕቃውን የፈለሰፈው በሎተስ መኪና ፋብሪካ ንድፍ ይሠራ የነበረው ደቡብ አፍሪካዊው ሮን ሂክማን ነው። የሥራ መሣሪያ አምራቹ ብላክ ኤንድ ዴከር መጀመሪያ አልቀበልም ካለ በኋላ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ወርክሜት ብሎ በብዛት ማምረት ጀመረ። ግራና ቀኙ ለየብቻ ስለሚጠብቅ በአንድ በኩል የቀጠነ እንጨትም ይይዛል። ለማስፋት ስንነሳ ግን ይኸው ጥቅም ጣጣ ያመጣል። አንዱን መዘውር ከሌላው አስቀድሞ ያጠበቀ ሰው ክፈፉን ወደ አንድ ጎን ያጣምመዋል። ግማሽ ዙር በግራ፣ ግማሽ ዙር በቀኝ እያሉ ማጥበቅ ነው፤ ከዚያ ከጥግ እስከ ጥግ ሁለቱንም ሰያፍ በሜትር ለክቶ እኩል መሆናቸውን ማየት።

እስከ 20 ወይም 25 ሳ.ሜ.፦ ችካሎቹ ይበቃሉ

የወንበር መቀመጫ፣ የመሳቢያ ፊት፣ የረከቦት ክዳን ለመሳሰለው አብረው የመጡት አራት ፕላስቲክ ችካሎች በቂ ናቸው። ሁለቱን በፊት መንጋጋ፣ ሁለቱን በኋላ መንጋጋ የመጨረሻ ቀዳዳዎች ላይ ስትተክሉ የመንጋጋዎቹ ስፋት በመክፈቻው ላይ ይደመራል።

ድክመታቸው ሁለት ነው። ፕላስቲኩ አንገቱ ላይ ይሰበራል፤ ሲጠብቅ ደግሞ ወደ ውጭ ያዘነብልና ቀጭን ጣውላ ከመሐል ወደ ላይ ይነሳል። ሁለቱንም በወይራ ችካል መፍታት ይቻላል። ወይራ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ፤ የተሰበረ የዶማ ወይም የመጥረቢያ እጀታ ለስድስት ችካል ይበቃል፤ ከተቆረጠ ዓመታት ስላለፉት ደግሞ ደርቋል። እግሩን በቀዳዳው ልክ ክብ አድርጉት፤ ያለ መዶሻ በእጅ የሚገባና የማይወዛወዝ መሆን አለበት። ርዝመቱ የመንጋጋውን ውፍረት ጨርሶ በታች 1 ሳ.ሜ. ይውጣ። ራሱን አራት ማዕዘን ተዉት። ዕቃውን የሚነካው ፊት ላይ ከላዩ ጫፍ ወደ ሥሩ እየገባ የሚሄድ ትንሽ ማዘንበል አውጡለት፤ በ2.5 ሳ.ሜ. ቁመት 1 ሚ.ሜ. ይበቃል። ሲጠብቅ መጀመሪያ የሚነካው ላይኛው ጫፍ ስለሆነ ጣውላው ወደ ታች ይጫናል እንጂ አይነሳም።

ችካል አታስረዝሙ። ከላይ የሚወጣው ራስ ከ2.5 ወደ 5 ሳ.ሜ. ሲያድግ ሥሩ ላይ የሚያርፈው የማጠፍ ጫና እጥፍ ይሆናል። ያን ጊዜ የሚበላሸው ችካሉ ሳይሆን ቀዳዳው ነው፤ የኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨትና ከኮላ የተጨመቀ ጣውላ) መንጋጋ ቀዳዳ አንዴ አፉ ከተፈረፈረ መጠገኛው ከባድ ነው።

እስከ 1 ሜትር፦ ክንድ መቀጠል

ለአብዛኛው ሰው የምንመክረው ይህን ነው። ብረት አይበሳም፣ ባንኮው እንደ ፊቱ ይታጠፋል፤ ሥራው ሲያልቅ ክንዶቹን ፈትቶ ግድግዳ ማስደገፍ ነው።

አሠራሩ፦ አራት ቀጥ ያሉ እንጨቶች አዘጋጁ፤ እያንዳንዳቸው ርዝመት 55 ሳ.ሜ.፣ ስፋት 8 ሳ.ሜ.፣ ውፍረት ከ3.5 ሳ.ሜ. የማያንስ። ሁለቱ ፊት መንጋጋ ላይ ታስረው ወደ እናንተ ይወጣሉ፤ ሁለቱ ኋላ መንጋጋ ላይ ታስረው ወደ ኋላ ይወጣሉ። ጥንድ ጥንዱ ከመንጋጋው ጫፍ 10 ወይም 15 ሳ.ሜ. ገባ ብሎ በአንድ መስመር ይተያያል። ከእያንዳንዱ ወገን አንድ ክንድ ብቻ ያደረገ ሰው ዕቃው በሁለት ነጥብ ስለሚያዝ ይዞርበታል።

እንጨቱ ምን ይሁን? የደረቀ ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው። እርጥቡን ከገበያ አምጥቶ ወዲያው ከሠሩት ግን በሁለት ሳምንት ተጠማዞ አራቱ ክንዶች አራት የተለያየ ከፍታ ይይዛሉ። ዋንዛ ቅርጹን ይጠብቃል፤ ልል ስለሆነ ግን የችካል ቀዳዳው ቶሎ ይሰፋል። ከሁሉ የሚሻለው 18 ሚ.ሜ. ኮምፔንሳቶ (ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀ ጣውላ) ሁለቱን በኮላ ደርቦ 36 ሚ.ሜ. ማድረግ ነው፤ አይሰነጠቅም፣ ክረምትም በጋም ያው ነው።

ማሰሪያው በባንኮው የራሱ የችካል ቀዳዳ ያልፋል። ኤም 10 (10 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው) ብሎን፣ ከላይም ከታችም ሰፊ ሮንዴላ፣ ከታች በእጅ የሚፈታ ክንፍ ያለው ዳዶ። ቀዳዳው 20 ሚ.ሜ. ብሎኑ 10 ስለሆነ ክፍተቱ ካልተሞላ ክንዱ ይንሸራተታል። ከቀዳዳው ጋር የሚመጣጠን የቀጭን ቧንቧ ቁራጭ ወይም መሐሉ የተበሳ የወይራ ክብ አስገቡበት። የብሎኑ ራስ ክንዱ ውስጥ ይስመጥ፤ አለበለዚያ የተሠራ በር ላይ ጭረት ይተዋል።

ክንዱ በአንድ ብሎን ብቻ ከታሰረ ዙሪያውን ይሽከረከራል። መንጋጋችሁ ሁለት ረድፍ ቀዳዳ ካለው ሁለት ብሎን አድርጉ። አንድ ረድፍ ብቻ ከሆነ ከክንዱ ሥር፣ የመንጋጋው ውጭ ጠርዝ በሚያርፍበት ቦታ፣ በአግድም የ10 ሳ.ሜ. ሞራሌ (አራት ማዕዘን የተሰነጠቀ እንጨት) ቁራጭ በኮላና በሁለት ቪቴ ምቱበት፤ ጠርዙን ሲነካ መዞሩን ይከለክለዋል። በውስጥ ጠርዝ በኩል አታድርጉት። ያኔ የፊቱና የኋላው ቁራጮች መሐል ላይ ይጋጩና መንጋጋው መዝጋት ያቅተዋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ቦታ ላይ ደረስን፤ በክንዱ ላይ የሚበሱት የችካል ቀዳዳዎች ርቀት። መንጋጋችሁ 10 ሳ.ሜ. የሚሄድ ከሆነ ቀዳዳዎቹ በየ7 ወይም በየ8 ሳ.ሜ. ይሁኑ። በየ12 ያደረጋችሁት እንደሆነ በሁለት ቀዳዳ መሐል የማይያዝ ስፋት ይፈጠራል፤ ችካሉን አንዱ ጋ ስትተክሉት መንጋጋው ተዘግቶም አይደርስም፣ ወደ ሌላው ስትወስዱት ዕቃው አይገባም። ደንቡ አጭር ነው፦ የቀዳዳዎቹ ርቀት ከመንጋጋው ጉዞ ይነስ። አራቱንም ክንዶች በሲ-ክላምፕ አንድ ላይ አስራችሁ በአንድ ጊዜ ብሱ፤ ለየብቻ የተበሳ ክንድ በ2 ሚ.ሜ. ስህተት ክፈፉን ያጣምማል።

ክንድ የሚከዳው በሁለት መንገድ ነው። ሲጠብቅ ችካሉ ወደ ውጭ ስለሚገፋ የክንዱ ውጭ ጫፍ ወደ ታች፣ የውስጡ ጫፍ ወደ ላይ ይሄዳል። ብሎኑ በተቻለ መጠን ለመንጋጋው ውስጥ ጠርዝ ይቅረብ፤ የመነሳቱን ጉልበት የሚይዘው እሱ ነው። ሁለተኛው ከባንኮው ክብደት የሚመጣ ነው። 40 ሳ.ሜ. ከእግሮቹ ውጭ በወጣ ክንድ ላይ መጋዝ የተጫነ ሰው ባንኮውን ወደ ራሱ ይገለብጠዋል። ለመላግና ለመገጣጠም ክንድ ላይ ሥሩ። መቁረጥ ሲሆን ግን የሚቆረጠው መስመር በእግሮቹ መካከል ይዋል፤ የታችኛውን መርገጫም በእግር ያዙ። የ2 ሜትር በር ከሆነ የተንጠለጠለውን ጫፍ በፈረስ (በእንጨት መደገፊያ እግር) ደግፉት።

የኋላውን መንጋጋ ወደ ኋላ ማዛወር

በዚህ 7 ወይም 8 ሳ.ሜ. ይገኛል። 15 ሳ.ሜ. ሞራሌና ግንድ ቢጤ ወፍራም ነገር በቀጥታ በመንጋጋው ለሚይዝ ሰው ጥሩ ነው፤ ለክፈፍ ሠሪ ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው። ብሎኖቹን ፈትቶ፣ በሐዲዱ ብረት ላይ አዲስ ቀዳዳ ምልክት አድርጎ፣ በፑንቶ (ነጥብ ማውጫ ሹል ብረት) መትቶ መብሳት። የአዲሱ ቀዳዳ መሐል ከብረቱ ጫፍ የቀዳዳውን የአፍ ስፋት ሁለት እጥፍ ይራቅ፤ የባንኮ ብረት ሳሳ ያለ ላሜራ ስለሆነ ከዚያ ከቀረበ ሲጠብቅ ይቀደዳል። የተበሳውን ጠርዝ በሞረድ አለስልሱና ቀለም ቀቡት፤ ኮምቦልቻ ሙቀትና አቧራ ነው የሚያስቸግረው፣ ደሴ ላይ ግን የክረምቱ እርጥበት የተላጠ ብረት በአንድ ወቅት ያዝገዋል።

አሮጌዎቹን ቀዳዳዎች አትድፈኗቸው። መንጋጋው ኋላ ሲታሰር መክፈቻው ከ8 እስከ 18 ይሆናል እንጂ ከ0 እስከ 18 አይሆንም፤ ቀጭን ጣውላ ለመያዝ መመለስ ወይም መሐል የሚገባ 8 ሳ.ሜ. መሙያ እንጨት ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ከመብሳታችሁ በፊት ደግሞ መንጋጋውን በአዲሱ ቦታ በሲ-ክላምፕ ብቻ ይዛችሁ ባንኮውን እጠፉት። በአንዳንዱ ሞዴል እግሩ ሲታጠፍ የሚያርፈው ልክ እዚያ ላይ ነው፤ ከተበሳ በኋላ ያንን ማወቅ አያስደስትም።

ሰፊ ገበታ ለማጣበቅ፦ የሽብልቅ ገበታ

አምስት ጣውላ ጎን ለጎን አጣብቆ የጠረጴዛ ፊት ለሚያወጣ ሰው ሞርሳ (በዘንግ የሚጠብቅ ማጣበቂያ መያዣ) ጭራሽ አያስፈልገውም፤ ባንኮው ገበታውን የሚሸከም እግር ብቻ ይሆናል። 120 ሳ.ሜ. ርዝመት ያለው ጠንካራ ጣውላ ውሰዱ፤ ከሥሩ በመሐሉ ሞራሌ ምቱበትና ሞራሌውን መንጋጋው ይንከሰው። በአንዱ ጫፍ ቋሚ ማቆሚያ በኮላና በአራት ቪቴ ይታሰራል። በሌላው ጫፍ ሌላ ማቆሚያ፤ በእሱና በሥራው መካከል ፊት ለፊት የሚገፋፉ ሁለት ሽብልቆች ይገባሉ።

ሽብልቁን ከወይራ አውጡት፤ ርዝመት 20 ሳ.ሜ.፣ ቀጭኑ ጫፍ 1.5፣ ወፍራሙ 4 ሳ.ሜ.። ይህ በ8 አንድ የሚወጣ ዳገት ነው፤ አንዱን ሽብልቅ 4 ሳ.ሜ. ስትመቱት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይጠብቃል። ከዚህ የበለጠ ዳገታም ሽብልቅ ያወጣ ሰው በየምቱ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ያስቸግረዋል። የሚሰጠው ጉዞ ትንሽ ስለሆነ ክፍተቱን የሚሞሉ የ1 እና የ2 ሳ.ሜ. መደበኛ ቁራጮች በአጠገባችሁ ይኑሩ። ከሥራው ሥር ፌስታል አንጥፉ፤ አለበለዚያ የጠረጴዛው ፊት ከገበታው ጋር ይጣበቅና ሁለቱንም በመሮ መለያየት ነው። የተጨመቀው ጣውላ ከመሐል እንዳይጎብጥ ከላይ ሁለት ሞራሌ በአግድም አድርጋችሁ በሲ-ክላምፕ ጫኑት።

ከክንዱ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ከእንጨት ቁራጭና ከቪቴ አይዘልም፤ ጉልበቱም ከሁሉም ይበልጣል። ጉዳቱ ለእያንዳንዱ ስፋት መሙያ እየቀያየሩ መልፋት ነው። በሳምንት አንዴ ለሚያጣብቅ ይሻላል፤ በቀን አሥር ጊዜ ለሚያጠብቅና ለሚፈታ አይሆንም።

በያጅ ጋ የሚሠራ ረጅም ሞርሳ

በቀን አሥር ጊዜ የሚያጠብቀው ሰው ይህን ያሠራ። 40 በ40 ሚ.ሜ. ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ አራት ማዕዘን ብረት) ውፍረቱ 2 ሚ.ሜ. የሆነ፣ ርዝመት 130 ሳ.ሜ.፤ ኤም 16 ጥርስ ያለው ዘንግ 30 ሳ.ሜ.፤ ሁለት ዳዶ፤ 8 ሚ.ሜ. ላሜራ ለመንጋጋዎቹ። ሁለት አንድ ዓይነት አሠሩ፤ በአንዱ ብቻ በር አይያዝም። የኤም 16 ጥርስ በአንድ ዙር 2 ሚ.ሜ. ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ረጅሙን ርቀት የሚሸፍነው ተንሸራታቹ መንጋጋ ነው፤ እሱም በየ8 ሳ.ሜ. በተበሳ ቀዳዳ በ10 ሚ.ሜ. ፒን ይቆማል።

በያጁን ሦስት ነገር ጠይቁት። አንደኛ፣ ሳሳ ያለ ቱቦላሬ ይበቃል ቢል አትስሙት፤ ሲጠብቅ እንደ ቀስት ይጎብጣል፣ ሥራውንም አብሮ ያጎብጣል። ሁለተኛ፣ ዳዶው ሲበየድ ዘንጉ ውስጡ ገብቶ ይሁን፤ በአራት ቦታ በነጥብ ይያዝና ሳይቸኩል ይቀዝቅዝ። ባዶውን የተበየደ ዳዶ በሙቀት ይጣመምና ዘንግ አይቀበልም። ሦስተኛ፣ ዳዶው ነጣ ያለ የዚንክ ልባስ ካለው ከመበየዱ በፊት ልባሱ በግራይንደር ይነሳ፤ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ለሳንባ መጥፎ ነው፣ ብየዳውንም ያበላሸዋል።

ሞርሳዎቹን ባንኮው ላይ ለማሳረፍ ከቱቦላሬው ሥር አንድ ቁራጭ አንግል ብረት ይበየድና የባንኮው መንጋጋ ይንከሰው። ክብደቱን ግን አትርሱ፤ ሁለቱ ሲደመሩ ከባንኮው ጋር አብረው የሚጓዙ አይደሉም። ለቤት ለቤት ሥራ ክንድ፣ ለሱቅ ሥራ ብረት የምንለው ለዚህ ነው።

ምንም የሌለው፣ ዛሬውኑ አንድ ወንበር ማጣበቅ ያለበት ሰው ደግሞ መጫኛ አለለት። ገመዱን ሁለት ዙር በክፈፉ ዙሪያ ማዞር፣ መሐሉ ላይ ዱላ አግብቶ መጠምዘዝ፣ ዱላውን ከክፈፉ ጋር ማሰር። ማዕዘኖቹ ላይ የካርቶን እጥፋት ካልተደረገ ገመዱ እንጨቱን ይበላዋል። ሰያፉን ለክቶ ማስተካከል ግን በዚህኛው ከሁሉም በላይ ያስፈልጋል።

ሊበላሹ የሚችሉት

መንጋጋ ሲሰፋ ጉልበት የሚጨመርበት መስሏቸው በመዘውሩ ላይ ቧንቧ ሰክተው የሚያጠብቁ አሉ። በብዙዎቹ ባንኮዎች መዘውሩ የሚገባበት ዳዶ ፕላስቲክ ወይም ለስላሳ ብረት ነው፤ ጥርሱ አንዴ ከተላጠ መዘውሩ ይዞራል እንጂ መንጋጋው አይጠብቅም። ክፈፍ በእጅ ጥብቂያ ካልገጠመ ችግሩ ከመጋጠሚያው ነው፤ ፈታችሁ በመሮ አስተካክሉት። ዘንጉን በየሁለት ወሩ ጥረጉና ትንሽ ግሪስ ቀቡ፤ ብዙ ግሪስ መጋዝ ዱቄትን ሰብስቦ ሊጥ ያደርገዋል።

የኤምዲኤፍ መንጋጋ ውሃ አይወድም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደሴ ላይ በረንዳ ያደረ ባንኮ ጠርዙ ያብጣል፣ ችካልም አይገባበትም። ያበጠውን ቀዳዳ በፑንታ (በመብሻ ብረት) እንደገና አታስፉት፤ በበጋ ሲደርቅ ችካሉ ይወዛወዛል። ገና አዲስ ሳለ ጠርዙንና የቀዳዳዎቹን ውስጥ በቫርኒሽ ሁለት ጊዜ መቀባት ነው የሚሻለው።

ኮላውን በተመለከተ፦ ነጩ የእንጨት ኮላ ብርድ ላይ በደንብ አይያያዝም። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪ.ሜ. ያህል ብትርቅም ወደ 600 ሜትር ዝቅ ስለምትል ትሞቃለች፤ እዚያ ማታ የተጣበቀ ክፈፍ ጠዋት ከመያዣው ይለቀቃል። ደሴ ላይ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ በዚያው ሰዓት ከመያዣው መልቀቅ አይቻልም። የወጣው ኮላ ደርቆ ብርጭቆ በመምሰል ፈንታ እንደ ኖራ ነጭ ዱቄት ከሆነ መጋጠሚያው አልያዘም ማለት ነው፤ ፍቁትና ክፈፉን ቀን፣ ፀሐይ ወጥቶ እንጨቱ ከሞቀ በኋላ እንደገና አጣብቁት፤ ማታም ባንኮውን ከነሥራው ወደ ቤት አስገቡት።